ሁለት ሰከንድ ሲቀር

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። የላከው አጭር ቪዲዮ ብቻ ነው። ማይክ ታይሰን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ሲዘርረው ያሳያል። ከሥሩ አንድ ቃል ጽፏል፦ «አሁንስ?»

ይህቺ «አሁንስ?» ከአሥር ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። እኔና እሱ ስለ ሌላ ነገር ተጣልተን አናውቅም። በዚህ ግን እንደማመጥም አንችል። ጥያቄያችን አንድ ነው። በቦክስ ታሪክ ከሁሉም የሚበልጠው አጥቂ ማን ነው? ልብ በሉ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ቦክሰኛ አላልንም። እሱ ሌላ ሙግት ነው። እንደ ዊሊ ፔፕ፣ እንደ ፐርኔል ዊታከር፣ እንደ ፍሎይድ ሜይዌዘር ያሉትን፣ ላለመነካት የተፈጠሩትን ሰዎች፣ ገና ከመጀመሪያው ወደ ጎን ብለናቸዋል። የእኛ ጉዳይ ወደ ፊት ከሚሄዱት ጋር ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቦክስ መዝገብ የተጻፈው በዚያ ስለሆነ መቀየሩ ያምታታል።)

እኔም የጀመርኩት በታይሰን ነው። ማን በሌላ ይጀምራል? በ1986 ትሬቨር በርቢክን ጥሎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው 20 ዓመት ከ4 ወር ነበር። ያኔ ያየሁት ኃይሉን ብቻ ነው። ሰው ሲወድቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጅነት ነው። በኋላ ግን ድምፁን አጥፍቼ፣ ፍጥነቱን ቀንሼ ማየት ጀመርኩ። ጭንቅላቱን ያየሁት ያኔ ነው። አንድ ቦታ አይቆምም። ታይሰን በከባድ ሚዛን አጭር ሰው ነው። ረጃጅሞቹ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ጃባቸውን፣ ማለትም በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚላከውን ቡጢ፣ ማለፍ አለበት። አሰልጣኙ ከስ ዳማቶ ያስተማሩትም ይህንኑ ነው። ሁለቱን ጓንቶች ጉንጭ ላይ መለጠፍ፣ ጭንቅላትን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መግባት፣ ከገቡ በኋላ አለማባከን። ቡጢዎቹ ቁጥር ነበራቸው። አሰልጣኙ ቁጥር ሲጠራ ልጁ ያንን ቡጢ ይልካል። እንግዲህ ያ ሁላችንንም ያስደነገጠን ጥቃት ግማሹ መከላከል ነበር ማለት ነው።

ታይሰንን የተውኩት ቶኪዮ ላይ ነው። በ1990 ከበስተር ዳግላስ ጋር ሲገጥም አቋማሪዎች ለዳግላስ የሰጡት ግምት 42 ለ1 ነበር። ስምንተኛው ዙር ላይ ታይሰን በአፐርከት፣ ከታች ወደ ላይ በሚመጣ ቡጢ፣ ጣለው። ዳግላስ ተነሳ። አሥረኛው ላይ ታይሰን ራሱ መሬት ላይ ሆኖ የአፉን መከላከያ በእጁ ሲፈልግ አየነው። ይህን ግጥሚያ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። የሚከነክነኝ መሸነፉ አይደለም። ሰውየው አልወድቅም ሲለው ሌላ መላ ማጣቱ ነው። አንድ ቡጢ ይልካል፣ ይቆማል። አንድ ቡጢ ይልካል፣ ይቆማል። ያ የጭንቅላት ውዝዋዜም የለም።

«ያኔ ልምምዱን ትቶ ነበር እኮ!» ይላል ጓደኛዬ። እውነቱን ነው። ግን ትልቁ አጥቂ ያልኩት ሰው በ23 ዓመቱ ልምምዱን የተወ ሰው ከሆነ፣ እኔም ሌላ ሰው መፈለግ አለብኝ።

አንድ ጊዜ ለጥቂት ወራት ቦክስ ሠልጥኛለሁ። ጎበዝ አልነበርኩም። የመጀመሪያ ቀን አሰልጣኙ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ከረጢት ፊት አቆመኝና «ሦስት ደቂቃ» አለኝ። አንድ ዙር መሆኑ ነው። እንደ እብድ ጀመርኩ። አንዷ ደቂቃ ሳትሞላ እጆቼ የኔ አልሆኑም። ትከሻዬ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። አሰልጣኙ አልሳቀም። «እጅህን ተወው። እግርህ የት ነው ያለው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቡጢ አላስወረወረኝም። ሥራዬ ሪንግ ውስጥ አንዱን ሠልጣኝ ጥግ ማስያዝ ነበር፣ ያለ ቡጢ። ሰውየው ግራ ሲሄድ እኔም ግራ እከተላለሁ። ይዞርና ያመልጠኛል። እንደገና እከተላለሁ። «አትከተለው፣ ቅደመው!» እያለ ይጮህብኛል። መከተልና መቅደም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት ሁለቱም ሳምንታት አልበቁኝም።

በአማርኛችን ጥሩ አባባል አለን። «መድረሻ አሳጣው» እንላለን። መታው፣ ሰበረው አይልም። የሚሄድበት ቦታ እንዳይኖረው አደረገው ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ አጥቂ የምመዝነው በዚህ ቃል ነው። ጡንቻው ሁለተኛ ነው፤ ዋናው ተጋጣሚው የሚሄድበት ማጣቱ ነው።

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የገረመኝ ጆ ሉዊስ ነው። ሉዊስ የሚቸኩል አይመስልም። እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ በትንሽ በትንሹ ይጠጋል። ቡጢው አጭር ነው፣ ከክንድ ርዝመት ግማሹን እንኳን አይሄድም። በ1936 ማክስ ሽሜሊንግ አሸነፈው። ጀርመናዊው ፊልሙን አጥንቶ ነበር የመጣው። ሉዊስ ጃብ ከላከ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ እንደሚያደርግ አይቶበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ እንደገና ሲገናኙ ሉዊስ በ124 ሰከንድ ጨረሰው። ሁሉም የሚያወራው ስለዚያ ግጥሚያ ነው፤ ከቦክስም በላይ ጉዳይ ነበረው። እኔ ግን የበለጠ የምወደው ከቢሊ ኮን ጋር ያደረገውን ነው፣ የ1941ን። ኮን ቀለል ያለ፣ ፈጣን፣ እግሩ የማያርፍ ሰው ነበር። ለ12 ዙር ሉዊስን አስቸገረው። በነጥብም እየመራ ነበር። ከዚያ 13ኛው ላይ በዝረራ ለማሸነፍ ተመኘና ቆሞ ሊደባደብ ገባ። ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ተቆጠረበት። ይህችን ሁለት ሰከንድ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዳግም ሊገጥሙ ሲሉ ሉዊስ የተናገረው ዛሬም ይጠቀሳል። መሮጥ ይችላል፣ መደበቅ ግን አይችልም አለ። ይኸው፣ መድረሻ ማሳጣት። ስምንተኛው ዙር ላይ አበቃ።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ ጆርጅ ፎርማንን ያመጣብኛል። «እሱስ? በ1973 ጃማይካ ላይ ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ አልጣለውም?» ጥሎታል። ፍሬዘር ራሱ ተራ ሰው አልነበረም። በግራ ሁኩ፣ ከጎን ታጥፎ በሚመጣ ቡጢ፣ መሐመድ አሊን 15ኛው ዙር ላይ መሬት ያስነካ ሰው ነው። ግን በማግስቱ ዓመት ኪንሻሳ ላይ የሆነውን አስቡት። ፎርማን አሊን ገመድ ላይ አስጠጋው። መድረሻ ያሳጣው መስሎታል። አሊ ደግሞ ገመዱን መኖሪያው አደረገው። ተደግፎ፣ ዘንበል ብሎ፣ እየተቀበለ ቆየ። ስምንተኛው ዙር ላይ የደከመው ፎርማን ነበር። ጥግ ማስያዝ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ያን ያየሁ ቀን ማታ ረጅም ሰዓት አሰብኩ። የኔ ሚዛንም ቀዳዳ አለበት።

ቀዳዳውን የደፈነልኝ ሄንሪ አርምስትሮንግ ነው።

ስለ አርምስትሮንግ መጀመሪያ የሰማሁት ከቁጥሩ ነው። በ1937 ብቻ 27 ጊዜ ተጋጥሞ 27ቱንም አሸነፈ፣ 26ቱን በዝረራ። የዛሬ ሻምፒዮን በዓመት ሁለት ጊዜ ከገጠመ ትጉህ ይባላል። የዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከቀላሎቹ ምድቦች አንዱ የሆነውን የፌዘር ሚዛንን ቀበቶ ወሰደ። በ1938 ሜይ ላይ ሁለት ምድብ ወደ ላይ ዘሎ ባርኒ ሮስን ገጠመና የዌልተርን ወሰደ። ኦገስት ላይ ወደ መሐል ተመልሶ ከሉ አምበርስ በሁለቱ መካከል ያለውን የላይትን ወሰደ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያዛቸው። ያኔ በጠቅላላው የክብደት ምድቡ ስምንት ነበር፤ ዛሬ 17 ደርሷል፣ በየምድቡም አራት ቀበቶ ይዞራል። አርምስትሮንግ ያለ ሽርፍራፊ ከስምንቱ ሦስቱን ነው የያዘው። በ1940 ደግሞ አራተኛውን፣ ከዌልተር የሚከብደውን የሚድልን፣ ሞክሮ ከሴፈሪኖ ጋርሲያ ጋር አቻ ወጣ። በነገራችን ላይ በ1939 ኦክቶበር፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ የዌልተር ቀበቶውን አምስት ጊዜ አስጠብቋል። አምስት ጊዜ! እኔ በአንድ ወር አምስት ጊዜ ስፖርት ከሠራሁ ለሰው ሁሉ አወራለሁ።

ፊልሙን ስታዩት መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አያምርም። ግንባሩን የተጋጣሚው ደረት ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ አይነቅለውም። ሁለቱ እጆቹ አይቆሙም። ተጋጣሚው ይገፋዋል፣ ይመለሳል። ያቅፈዋል፣ በነፃዋ እጁ ይመታል። ገመድ ላይ ተደግፎ ላሳልፈው የሚል ሰው ገመዱ ላይ ራሱ ያገኘዋል። ፎርማን አሊን በአንድ በአንድ ትልልቅ ቡጢ ሲፈልገው፣ በቡጢና በቡጢ መሐል አሊ የሚተነፍስበት ክፍተት ነበረው። አርምስትሮንግ ጋ ያ ክፍተት የለም። የሚያሳጣው ቦታን ብቻ አይደለም፣ ጊዜንም ነው። ፋታ አይሰጥም። ባርኒ ሮስ ጠንካራ ሻምፒዮን ነበር። በዚያ ምሽት ጨዋታው ይቁም ሲሉት እምቢ ብሎ 15ቱንም ዙር ቆሞ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛ ሪንግ አልገባም።

ከአምበርስ ጋር ያደረገው ደግሞ የራሱንም ዋጋ ያሳያል። አፉ ውስጥ ክፉኛ ተሰንጥቆ ደሙ መድረኩን አበላሸው። ዳኛው አቆማለሁ አሉ። አርምስትሮንግ ደሙ እንዳይታይ መትፋቱን ተወና እየዋጠ ተጫወተ። 15 ዙር ሄዶ በተከፈለ ድምፅ አሸነፈ። ይህን ሳነብ ማድነቄንና መዘግነኔን መለየት አልቻልኩም። ኋላ ላይ ጓንቱን ሰቅሎ ሰባኪ ሆነ።

ሃሪ ግሬብን ያነሳ አንባቢ ካለ ልክ ነው። ወደ 300 የሚጠጋ ግጥሚያ ያደረገ፣ ጂን ተኒን በ1922 የደበደበ፣ ተኒ በሕይወቱ የተሸነፈው ያን ጊዜ ብቻ የሆነበት፣ ለብዙ ዓመት በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ የተጫወተ ሰው ነው። ችግሩ ሲጋጠም የሚያሳይ ፊልም የለም። ሲለማመድ የሚያሳይ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልፈርድም። ይቅር ይበለኝ።

ሹገር ሬይ ሮቢንሰንስ? የኔና የጓደኛዬ ሙግት ለአንድ ሳምንት የቆመው በእሱ ምክንያት ነው፣ ሁለታችንም መልስ ስላጣን። ሮቢንሰን ወደ ኋላ እየሄደ ሰው ይዘርራል። በ1957 ሜይ 1 ቺካጎ ላይ ጂን ፉልመርን የጣለባትን ግራ ሁክ ፈልጋችሁ እዩ። ፉልመር ከአራት ወር በፊት አሸንፎት ነበር፤ አገጩም እንደ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ ቀን በፊት በዝረራ ተሸንፎ አያውቅም። ሮቢንሰን ቀኙን ወደ ሆድ እየላከ አለማመደው። አምስተኛው ዙር ላይ ፉልመር ገባ፣ ሮቢንሰን ትንሽ ሸሸት አለ፣ ግራው ከየት እንደመጣ ሳይታይ አረፈ። አለቀ። 36 ሊሞላው ሁለት ቀን የቀረው ሰው ነው ይህን ያደረገው። ከመቶ በላይ ሰው በዝረራ ጥሏል። ታዲያ ለምን እሱ አይደለም? እኔ የምለው ሮቢንሰን አጥቂ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሁሉንም ነበር። ሁሉን የሚችልን ሰው በአንድ ችሎታ ስም መጥራት ያሳንሰዋል። ጓደኛዬ «ይኼ ማምለጫ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል።

ልቤ ግን የሚያደላው ለሮቤርቶ ዱራን ነው። ልብና ሚዛን አንድ አይደሉም። ፓናማዊው «የድንጋይ እጆች» ይባላል፤ ስሙ ያሳስታል። ዱራን የተንኮል ሰው ነው። በትከሻው ያታልላል፣ በዓይኑ ያታልላል፣ ሊመታ መስሎ አይመታም፣ ሳይመስል ይመታል። በ1980 ሞንትሪያል ላይ ከሬይ ሊነርድ ጋር ያደረገው 15 ዙር የቅርብ ርቀት ቦክስ ትምህርት ቤት ነው። ሊነርድ ከእሱ ይፈጥናል፣ ይረዝማል። ዱራን ደረቱ ላይ ተለጠፈበትና ፍጥነቱን ከንቱ አደረገው። በነጥብ ለጥቂት አሸነፈ። ከአምስት ወር በኋላ ኒው ኦርሊንስ ላይ ሊነርድ መሮጥና መቀለድ ሲጀምር ዱራን በቃኝ ብሎ ጀርባውን ሰጠ። አልከላከልለትም። ያን ሽንፈት ግን ሁልጊዜ ሳስብ የሚታየኝ ይህ ነው፦ ሊነርድ በዚያ ምሽት መድረሻ አላጣም።

አሁን ወደ ሁለቷ ሰከንድ ልመለስ።

በልምምድ ዘመኔ ከኔ በክብደት ከሚያንስ ልጅ ጋር ስጫወት፣ ጎኔ ላይ አንድ ግራ ሁክ አሳረፈብኝ። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር። ጉበት ላይ ማለት ነው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። «ይቺማ ምንም አይደለች» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ከዚያ ጉልበቴ ታጠፈ። ጭንቅላቴ ጥርት ያለ ነው፣ ሁሉን እሰማለሁ፣ መነሳት እፈልጋለሁ። ሰውነቴ ግን እምቢ አለ። ፊት ላይ የተመታ ሰው የት እንዳለ ይጠፋበታል። ጉበቱን የተመታ ሰው የት እንዳለ በደንብ ያውቃል። የባሰው እሱ ነው።

የሜክሲኮው ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ በዚህች ቡጢ ነው የኖረው። በ1990 ማርች 17 ላስ ቬጋስ ላይ ከሜልድሪክ ቴይለር ጋር ገጠመ። ሁለቱም ተሸንፈው አያውቁም። ቴይለር በ17 ዓመቱ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ እጁ እንደ መብረቅ የሆነ ልጅ ነው። ሦስት ቡጢ ይልካል፣ ቻቬዝ አንድ ይመልሳል። ዙር በዙር ቴይለር ይወስዳል። ከ11 ዙር በኋላ ከሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች ሁለቱ በሰፊው ለእሱ ሰጥተዋል፣ 107 ለ102 እና 108 ለ101። ግን ፊቱን እዩት። አብጧል፣ አፉ በደም ተሞልቷል። የሚመራው እሱ፣ የሚሸነፍ የሚመስለውም እሱ። ቻቬዝ አይሮጥም፣ አይደናገጥም። አንድ እርምጃ፣ አንድ ቡጢ፣ ወደ ጎን፣ ወደ አገጭ፣ እንደገና ወደ ጎን። ነጥቡ የሚጻፈው በሌላ ወረቀት ላይ ነው፣ የቴይለር ሰውነት ላይ።

የቴይለር ሰዎች ግን የመጨረሻው ዙር ያስፈልግሃል ብለው ላኩት። በእግሩ ዞሮ ቢጨርስ ይበቃው ነበር። ገብቶ ተደባደበ። ልክ እንደ ቢሊ ኮን። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ቻቬዝ በቀኝ ጣለው። ቴይለር ገመዱን ይዞ ተነሳ። የመጨረሻዎቹን አሥር ሰከንዶች የሚያሳውቀው ቀይ መብራት በርቷል። የሪንጉ ዳኛ ሪቻርድ ስቲል ደህና ነህ ወይ ብለው ጠየቁት። ቴይለር ዓይኑን ወደ አሰልጣኞቹ አዞረ፤ መልስ አልሰጠም። ስቲል አቆሙት። ሁለት ሰከንድ ቀርቶ ነበር።

ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ዘረፋ ነው ይላል። እኔ ዳኛውን መውቀስ አልቻልኩም። ሰዓት መቁጠር የእሳቸው ሥራ አይደለም፤ ሰውየውን ማየት ነው። ቴይለር ከዚያ በኋላም ዋንጫ አግኝቷል፣ ግን ያ ልጅ አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ ሲናገር የሚያሳየው ቪዲዮ አለ። ቃላቱ እየተጣበቁ ይወጣሉ። እኔ አንዴ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም። የግጥሚያውን ግን ሠላሳ ጊዜ አይቻለሁ። ይኼ ስለ እኔ ምን እንደሚል አላውቅም።

ሮቢንሰንም እንዲህ ያለ ሌሊት አለው። በ1947 ጂሚ ዶይልን ሊገጥም ሲል እንደሚገድለው በሕልሙ አየና አልጫወትም አለ። ቄስ መጥተው አግባቡት። ስምንተኛው ዙር ላይ በግራ ሁክ ጣለው። ዶይል በማግስቱ ሞተ። በምርመራው ላይ ሰውየውን ችግር ውስጥ ልትከተው አስበህ ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰው ችግር ውስጥ መክተት ሥራዬ ነው ሲል መለሰ። ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ እውነተኛ መልስ አላውቅም።

ስለ ቅርቦቹ አላወራሁም። ማኒ ፓኪያዎ በስምንት ምድብ ያሸነፈበትን ማዕዘን እየቀያየሩ መምታት፣ ናኦያ ኢኖዌ በሁለት ምድብ አራቱንም ቀበቶ ጠራርጎ ሲወስድ ሆድና ጭንቅላትን የሚያገናኝበትን መንገድ፣ አማንዳ ሴራኖ በሰባት ምድብ የታጠቀችውን፣ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ጓደኛዬ ቡጢ የሚቆጥሩትን ሰዎች አኃዝ እያመጣ ይከራከረኛል። ያ ቆጠራ በ1985 ነው የተጀመረው፤ አርምስትሮንግን ማንም አልቆጠረለትም። ቢቆጥሩለትም እርምጃ አይቆጥሩም።

የዚያን ሌሊት ለ«አሁንስ?» መልስ የሰጠሁት በቪዲዮ ነው። የአርምስትሮንግንና የሮስን ላክሁለት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ አይታይም። ሃያ ደቂቃ ዝም አለ። ተኝቷል ብዬ መብራት ላጠፋ ስል የድምፅ መልእክት ገባ። ታይሰን የሚል ቃል የለበትም።

«ስማ እንጂ፣ ይኼ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?»